አዋጅ ዝም ካለች በኋላ

ታክሲዋ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስታጓራ ሲሰማ የግቢው ሰው መምሸቱን ያውቅ ነበር። ማርሚታዋ የተበሳ፣ የአራቱም በሮቿ ቀለም የማይገጥም፣ ዕድሜዋ ከብዙ ተሳፋሪዎቿ የሚበልጥ የቤንዚን መኪና ነበረች። ባለታክሲው ጋራዥ ወስዶ ጭስ ማውጫዋን ቢያስበይደው ብዙ ሳትቆይ በሌላ በኩል ትበሳለች። በመጨረሻ ተዋት። የግቢው ሰው ግን አልተዋትም፤ መምጣቷን ራሷ ስለምትለፍፍ «አዋጅ» ብሎ ስም አወጣላት።

«አዋጅ መጣች! ልብስ ያሰጣችሁ አንሱ፤ ጥቀርሻ ልታለብሰው ነው!» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች በመስኮት ብቅ ብላ።

ለበሩ የቀረበ ሰው ሄዶ የብረቱን መቀርቀሪያ ይስባል። አዋጅ እየሳለች ትገባና ከግንቡ ሥር ትቆማለች። ቁልፉ ከተነቀለም በኋላ ሞተሯ ጥቂት ጊዜ ሲንፈራገጥ ይሰማል፤ እንደ እልኸኛ ልጅ የመጨረሻውን ቃል ራሷ ካልተናገረች አይሆንላትም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አብልተዋት ነው?» ይላል አናጢው።

ባለታክሲው ይስቃል እንጂ አይመልስም። ዐይነ አፋር ሰው ነው። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳን ቆቡን ነካ አድርጎ አንገቱን ይሰብራል፤ ድምፁ ከጉሮሮው ወጥቶ ጥርሱ ጋ ሲደርስ የሚመለስ ይመስላል። ለእሱ የምትናገርለት ሚስቱ ነበረች። ደጃፏ ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ጠግባ ነው! ልጄን አትንኩብኝ!» ትላቸዋለች። ግቢው ይስቃል። እሱ ደግሞ ገብቶ እግሩን ይታጠባል።

ሚስቱ ታማ አረፈች። ለቀስተኛው ተበተነ፤ በሌላ ከተማ ትዳር የያዘችው ልጁም ሳምንቱን ከርማ ሄደች። ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ኩባያ አለ፤ የሚታጠበው አንዱ ብቻ ሆነ። አልጋው ላይ እንደ ልማዱ ዳር ይዞ ይተኛል፤ የግድግዳው ወገን ትራስ ቅርፁ ሳይፈርስ ያድራል።

እንዲያም ሆኖ ብቻውን የቀረ አይመስለውም ነበር። ማታ አዋጅ ስትጮህ በሩ ይከፈታል፣ ልብስ ሰፊዋ ስለ ጥቀርሻው ትጮሃለች፣ አናጢው ይቀልዳል፣ ከግቢው ጥግ የምትኖረው ጡረተኛዋ ነርስ «ገባህ?» ትለዋለች። እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ከሰው ጋር የዋለ ያህል ደስ ይለው ነበር። ደግሞም ሌላ ነገር ነበረው፤ ለማንም አልተናገረውም። ተሳፋሪ አውርዶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በሞተሩ ጩኸት ተከልሎ፣ የቀኑን ውሎ ለሚስቱ ይነግራት ነበር። «ዛሬ አንዲት ሙሽራ ጫንኩ፤ ጫማዋ ጠቧት መንገዱን ሙሉ አለቀሰች» ይላታል። አዋጅ ወሬውን ሁሉ ትውጥለታለች፤ ራሱን እንኳን አይሰማውም።

ከዚያ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው ደጃፍ ላይ የመኪናው ሰልፍ ዙሪያውን ዞሮ ራሱን ሊነክስ ይደርሳል። ሹፌሮች መኪናቸውን አንድ አንድ ጎማ ያህል ወደፊት እየገፉ ይውላሉ፤ ቤንዚኑ ተገኘ ሲባል ደግሞ ለሦስት መኪና ተቀድቶ ያልቃል። አዋጅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስትነሳና ስትጠፋ ውላ አንድ ቀን ጨርሶ አልነሳ አለች። መካኒኩ ሆዷን ከፍቶ ካየ በኋላ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ፣ እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ ሙት አስነሺ አይደለሁም» አለው።

ልጁ በስልክ፣ «አባዬ፣ ከአሁን በኋላ የኤሌክትሪኩን መኪና እንጂ ሌላ አትይዝም። ከሰልፉም ትገላገላለህ» አለች። እሷና ባሏ አገዙት፤ እሱም ያጠራቀመውን ጨመረ። ነጭ፣ ልሙጥ፣ ሽታ የሌላት መኪና ገዛ።

ግቢው መጥቶ አያት። ነርሷ መቀመጫውን በእጇ ጫን ጫን አድርጋ፣ «አልጋ ነው» ብላ መረቀችለት። አናጢው የፊቱን ክዳን አስከፍቶ ሲያበቃ ሞተር በማጣቱ የተሸወደ ሰው መሰለ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ፍሪጅ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ፍሪጅ እንኳን ድምፅ አለው!» አለ አናጢው። ሁሉም ሳቁ። ባለታክሲውም ሳቀ። ያ ቀን ጥሩ ቀን ነበር።

መኪናዋ ምንም አልበደለችውም፤ እውነቱ መነገር አለበት። አትጠፋም፣ አታጨስም፣ ዳገት አትፈራም። ተሳፋሪዎች ገብተው ሳይጨርሱ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ግን አንድ ቀን አንዲት ሴት ከኋላ ጭኖ ሲሄድ፣ መኖሯን ረስቶ፣ «መንገዱ ዛሬ ባዶ ነው፣ አየሽ?» አለ። ሴትዮዋ፣ «እኔን ነው?» አለችው። ድምፁ ራቁቱን ወጥቶ መሀል መንገድ የቆመ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ሲሆንም ለሚስቱ አልነገራትም።

ማታ ሲመለስም በሩን የሚከፍትለት አልነበረም። ማን ሰምቶት? መኪናዋን ያቆማል፣ በትንሿ በር ይገባል፣ ትልቁን በር ከውስጥ ይከፍታል፣ ተመልሶ መኪናዋን ያስገባል፣ መልሶ ይዘጋል። መስኮቶቹ ሁሉ በርተዋል፤ ከየቤቱ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ማንም ቀና አይልም። ጠዋትም እንዲሁ ነው፤ እንደ ጥላ ይወጣል። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ድንገት ስታገኘው ደነገጠች።

«ውይ ጋሼ! እዚህ አሉ እንዴ? እኔ እኮ ልጅዎ ጋ የሄዱ መስሎኝ!»

«አለሁ» አለ። ባልዲውን አንስቶ ገባ። ቀኑን ሙሉ ያ ነገር ከሆዱ አልወጣ አለው።

መብራቱ የተበላሸው ከዚህ ወዲያ ነው። መጀመሪያ ላይ መኪናዋን ከገዛበት ድርጅት በራፍ ላይ ካለው መሙያ ነበር የሚሞላት፤ እሱ ሲዘጋ ቤቱ ሰካ። ግቢው ውስጥ አራት ቤቶች አሉ፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ሽቦው ከምሰሶው ተነስቶ ከቤት ቤት በጣራ ላይ እየተንጠላጠለ የሚሄድ፣ ማን እንደዘረጋው የማይታወቅ የድሮ ሽቦ ነው። ባለታክሲው አመሻሽ ላይ ገመዱን በመስኮት አውጥቶ ሰካው። አምፖሎቹ ሁሉ እንደ ታመመ ሰው ዐይን ቢጫ ሆኑ። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና እየጎተተ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ከቆጣሪው ሳጥን «ቷ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ግቢው ጨለመ።

«መጣ!» አለች ልብስ ሰፊዋ በጨለማው ውስጥ። ከሌላ ቤት የነርሷ ድምፅ አጉተመተመ። የአናጢው ሚስት የምጣዷን ክዳን ስትጥለው ተሰማ።

በቃ፣ «መጣ» ነው ያለችው። እንደ ድሮው መምጣቱን አወቁ፤ ግን አሁን የሚያውቁት ሲጨልምባቸው ነው። ባለታክሲው ገመዱን ነቀለ፣ ቤቱ ገባ፣ በሩን ዘጋ። አናጢው ሳጥኑን ከፍቶ መብራቱን ሲመልስ እሱ የራሱን አምፖል አላበራም። ወጥቶ «ይቅርታ» ማለት እንዳለበት ያውቃል። ግን አልጋው ዳር ተቀምጦ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ ግቢው ውስጥ አልሰካም። ለማንም ሳይናገር ከሥራ በኋላ ወደ ዋናው መንገድ መሙያ ጣቢያ መሄድ ጀመረ። መኪኖች ተራቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ አንዷ ሞልታ እስክትነሳ ሰው እራቱን በልቶ ይጨርሳል። ባለታክሲውም ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዞ ይመጣና መሪው ላይ ሶፍት ዘርግቶ ይልጣል። የሌሎቹ ሹፌሮች ስልክ በየመሀሉ ይጮኻል፤ «የት ደረስክ?» የሚሉ ሴቶች ናቸው፣ ልጆች ናቸው። የእሱ ስልክ ዝም ብሎ ከዳቦው አጠገብ ይተኛል።

ሹፌሮቹ መሬት ወርደው ያወጋሉ። ከመሀላቸው «ሬዲዮ» የሚሉት አለ፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም።

«ሁሉም መኪና የኤሌክትሪክ ይሁን ይላሉ። ይሁን! እኔ ምን ከፋኝ?» አለ ሬዲዮ አንድ ምሽት። «ግን ከተማው በሙሉ ከሥራ ገብቶ በአንድ ጊዜ ቢሰካ ምን ይሆናል?»

«ይጨልማላ!»

«አይጨልምም» አለ ድሮ የመብራት መስመር ሠራተኛ የነበረ ሹፌር። «ኃይሉስ አለ። ቀጭኑ ሽቦው ነው። ደግሞ ሰው ሁሉ አመሻሽ ላይ ነው የሚሻማው። ተራ በተራ ቢሆን ያለው ራሱ ለብዙ ይበቃ ነበር።»

«ተራ? እኛና ተራ? ተራ ብናውቅ ኖሮ ያ መስቀለኛ መንገድ እንዲያ ይሆን ነበር?» ሁሉም ሳቁ። «ቤንዚን ሲጠፋ ቆመን ጠበቅን፤ አሁን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሥልጣኔ ማለት ወንበር ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ፊቱ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ባለታክሲው የእንቁላሉን ልጣጭ በሶፍቱ ጠቀለለ።

«እንጃ» አለ።

«እኔ እኮ እዚሁ የሚያድሩ ይመስለኛል። ቤት የለዎትም እንዴ?»

ለቀልድ ነው ያለው። ባለታክሲው ፈገግ አለና መስኮቱን ዘጋ።

በዚያው ሳምንት ልጁ ስትደውል፣ ድምፁ ውስጥ የሰማችው ነገር ሳይኖር አይቀርም። «አባዬ፣ እኛ ጋ ና። ሰፊ ክፍል አለን። መኪናህንም በራሳችን መስመር ትሞላለህ፤ የምትረብሸው ሰው የለም» አለችው። የምትረብሸው ሰው የለም ማለቷ ልቡን አከበደው። የዚያን ከተማ መንገድ አያውቅም። መንገድ የማያውቅ ባለታክሲ ደግሞ ቢላዋ የማይቆርጥለት ባለሥጋ ቤት ነው። እዚያ ሲደርስ የልጅ ልጅ ጠባቂ ሆኖ፣ የአማቹን ቴሌቪዥን በሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እያየ ሊኖር ነው። እዚህ ደግሞ መኖሩን የሚያውቅ የለም። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል አውጥቶ አውርዶ፣ «እሺ» አላት።

ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣ። የሚስቱን ዕቃ ሲያነሳሳ ለቀሚስ ገዝታ ሳታሰፋው የቀረች አረንጓዴ ጨርቅ አገኘ። ለማን ይሆናል? በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጨርቁን በብብቱ ይዞ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ።

«ይሁንሽ» አላት።

«ምንድን ነው?» ጨርቁን በጣቶቿ ሳብ አድርጋ አየችው። «ጥሩ ጨርቅ ነው። ምን ልስፋበት?»

«የፈለግሽውን። ለራስሽ ነው። እኔ ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ልጄ ጋ።»

«ለጥየቃ?»

«ለመኖር።»

የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ምነው ጋሼ? ምን አድርገንዎት?»

«እናንተማ ምን ታደርጉኛላችሁ። እኔ ነኝ እንጂ መብራታችሁን የማጠፋው።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «በዚህ ግቢ መብራት ያላጠፋ ማን አለ? እኔ በዚህ ካውያዬ ስንቴ አጨልሜዋለሁ! አናጢው መጋዙን ሲያስነሳስ? እትዬ ነርስ የውሃ ማፍያዋን ሰክታ ረስታ፣ ሁላችንም በሻማ አላደርንም? እሱን ማን ተቀየመ!»

«ታዲያ ምኑን ነው?»

«ዝምታዎን ነዋ! እኛ ከባድ ነገር ስንሰካ እንጣራለን። ‹ልሰካ ነው!› ይላል የሚሰካው። ሥራ የያዘ ‹ቆይ› ይላል፣ ያልያዘ ‹ስካ› ይላል። ሲጨርስ ‹ነቅያለሁ› ብሎ ለሌላው ይለቃል። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ይሄ ሽቦ ድሮ ነዶ አመድ ሆኖ ነበር። እርስዎ ትንፍሽ ሳይሉ ሰክተው፣ ሲጨልም ደግሞ ዘግተው ገቡ። ከዚያ ጭራሽ ጠፉ! አዲስ መኪና ገዛና ናቀን አልን።»

«እኔ… እንዲህ የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ኖረው? ለቤታችሁ ሚስትዎ አልነበረችም የምትጣራው? አፈሩ ይቅለላትና ድምጿ እኮ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር!»

ባለታክሲው ትዝ አለው። እሱ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲታጠብ፣ ጆሮው ገና በአዋጅ ጩኸት እንደተሞላ፣ ሚስቱ አንገቷን በበሩ አውጥታ አንድ ነገር ትላለች፤ ከየቤቱ ድምፅ ይመለስላታል። የሴቶች ሰላምታ ይመስለው ነበር። አንድም ቀን ምን እንደምትል አልጠየቃትም።

«አፌ አይለምድም» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑ? ሁለት ቃል?»

«ጮኾ መጣራቱ።»

«አዋጅ ናታ ያሳነፈችዎት! እሷ ስትጮህልዎት ኖረች፤ አሁን ደግሞ እሷ የለችም።» ጨርቁን አጣጥፋ መልሳ ብብቱ ውስጥ ወሸቀችለት። «ይሄን አልቀበልም። ወይ ይጣሩ፣ ወይ ይሂዱ። ዝም ብሎ መሀል ላይ መቆም ግን የለም፤ እኛንም ያስጨንቃል።»

የዚያን ዕለት ምሽት ወደ መሙያ ጣቢያው አልሄደም። መኪናዋን ከግንቡ ሥር አቁሞ ገመዱን በመስኮት አወጣና ሶኬቱን በእጁ ይዞ ቆመ። ከአናጢው ቤት የልጅ ሳቅ ይሰማል። የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ከነርሷ ጓዳ እንፋሎት በመስኮቱ ይወጣል። አፉን ከፈተና ዘጋው። ገመዱን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። ሳለ። ሰው በሰማኝ የሚል ሳል ነበር፤ ግን ለሳል ማን ይመልሳል?

«ልሰካ ነው» አለ።

አጠገቡ የቆመ ሰው ቢኖር እሱ ይሰማው ነበር። የስፌት መኪናው ለአፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታለች ማለት ነው፤ ሰምታ ልትረዳው አልፈለገችም። ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከዚህ ይልቅ እሱን አንስቶ መሄድ ይቀላል።

«ልሰካ ነው» አለ እንደገና፣ ትንሽ ከፍ አድርጎ።

«ማነው እሱ?» አለች ነርሷ። ጆሮዋ ከበድ ብሏል።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ባለታክሲው።»

«እ?»

«ባለታክሲው ነኝ! ልሰካ ነው!»

ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ግንቡ መልሶ አስተጋባው። የልጆቹ ሳቅ ቀጥ አለ፣ ግቢው ጭር አለ። ጆሮው ጫፍ ድረስ ጋለበት። ምን ነካኝ፣ አለ በሆዱ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

«ቆይ!» አለች ነርሷ። «ሩዜ አልበሰለም!»

«እኔ እጅጌ ይቀረኛል፤ ቆይ ይበሉ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኛ ጋ ስካ ተብሏል!» አለ አናጢው።

ቆየ። ማንም ወንበር አላወጣለትም፤ ማንም ብቅ ብሎ አላየውም። መኪናዋን ተደግፎ፣ ሶኬቱን እንደ ዱላ ይዞ፣ ብርዱ በእግሩ እየወጣ ቆመ። መጠበቅ መቼም ለምዷል። ግን ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ማሽን ነበር፤ እዚህ የሚጠብቀው ሩዝና እጅጌ ነው። ሩዙ ሲበስል ሽታው መጣ። እጅጌው ሲያልቅ ክሩ በጥርስ ሲበጠስ የሰማ መሰለው።

«በል ስካ!» አለች ነርሷ።

«ይሰኩ ጋሼ!»

ሰካ። አምፖሎቹ ትንሽ ዝቅ አሉ፤ ከዚያ ባሉበት ጸኑ።

ቤቱ እንዳለ ነው የጠበቀው። ከመደርደሪያው አንዱን ኩባያ አወረደ፣ ዳቦውን ቆረሰ። በሩን ሊዘጋ ሄደና፣ ሲነቀል መናገር አለብህ የተባለውን አስቦ፣ ገርበብ አድርጎ ተወው። ብርዱ ገባ። ሚስቱ ብትኖር ትስቅበት ነበር። «ግቢው ሁሉ ሰማኝ» ሊላት አፉ ላይ ደርሶ መለሰው፤ ክፍሉ በጣም ጸጥ ያለ ነበር።

«ካውያ ልሰካ ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከውጭ።

«ስኪ!» አለች ነርሷ።

«ስኪ!» አለ አናጢው።

ከዚያ ዝም ሆነ። ባለታክሲው ዳቦውን እያኘከ ዝምታው እስኪያልቅ ጠበቀ። አላለቀም። የቀረው ማነው? አለ በሆዱ። ቤቶቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«ጋሼ! ኧረ እርስዎን ነው የምንጠብቀው!»

ከወንበሩ ሲነሳ ኩባያውን ሊያፈሰው ነበር። ጫማውን አላገኘውም፤ በባዶ እግሩ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ እየረገጠ ደረሰና ሶኬቱን ነቀለ።

«ነቅያለሁ!» አለ። በአንድ ጊዜ ወጣለት።

«እግዜር ይስጥልኝ!» አለች። የካውያው ቀይ መብራት በመስኮቷ ታየ።

እሷ ተኩሳ እስክትጨርስ ወደ ቤት አልገባም። ገመዱ ገና ሞቃት ነው፤ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ነገ ልጁ ስትደውል፣ «ለጥየቃ እመጣለሁ» ሊላት አሰበ። ምክንያቱን ስትጠይቀው ምን እንደሚላት ግን አላወቀም። ደጁ ላይ ቆሞ፣ የሰው ልብስ ተተኩሶ እስኪያልቅ መጠበቅ እንዳለበት ለሌላ ከተማ ሰው እንዴት ይነገራል?